ስለ ካናሪ ወፍና ዘመዶቿ ስለ ተባሉት ወፎች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ግን ለሰው ልጅ የተነገረ ነው እንጂ ለወፍ የተነገረ አይደለም። በዓለም ሊቃውንት መዝገብ የሚጻፈውን የወፎች ስም የሚያወጡት ሰዎች ናቸው። ሰውም መልአክ አይደለምና አንዳንድ ጊዜ ይስታል፤ ትጉህ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የሳተውን መልሶ ያቃናል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ የአንድ የትናንሽ ወፎች ወገን እንዴት ስም እንደ ወጣለት፥ እንዴት ከሌላ ወገን ጋራ እንደ ተደባለቀ፥ ከብዙ ዘመንም በኋላ እንዴት እንደ ተለየ የሚገልጽ ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ ነገሩ የወፍ ነገር ነው ብላችሁ በቀላሉ እንዳታልፉት እንለምናችኋለን። በዚሁ ታሪክ ውስጥ በገዛ አገራችን፥ በአንኮበር አፋፍ፥ የምትኖር አንዲት ወፍ መቶ ዓመት ሙሉ ሳትታወቅ መቅረቷን ታገኛላችሁ። ጎረቤቷ የሆነች ሌላይቱ ወፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተመዘገበች በኋላ እንደ ሌለች ተቆጥራ መኖሯን ታነባላችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንተርጉም። ሊቃውንት ፍጥረትን ሲመዘግቡ እያንዳንዱን ዓይነት «ዝርያ» ይሉታል፤ በትውልድ የሚቀራረቡትን ዝርያዎች በአንድነት ሲያኖሯቸው ደግሞ ያ ስብስብ «ወገን» ይባላል። የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ዝርያ ማለት አንድ ዶሴ እንደ ማለት ነው፤ ወገን ማለት ደግሞ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ዶሴዎች የሚቀመጡበት መደርደሪያ ነው። ዶሴው የማይገባው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፥ ጽሑፉ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፥ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም፤ ያገኘውም ሰው ስለ ጉዳዩ የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ይሄዳል። የፍጥረትም መዝገብ እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ዝርያ በላቲን አጻጻፍ ሁለት ስም አለው፤ የፊተኛው የወገኑ ስም ነው፤ የኋለኛው የራሱ መለያ ነው።

አሁን የምንናገርላቸው ወፎች ቅርንጫፍ ጨብጠው ከሚያርፉት አዕዋፍ ክፍል ናቸው። የእነዚህ ወፎች እግር አራት ጣት አለው፤ ሦስቱ ወደ ፊት፥ አንዱ ወደ ኋላ የዞሩ ስለ ሆኑ ቅርንጫፉን ከሁለት ወገን አጥብቀው ይይዙታል። በዓለም ላይ ካሉት የወፍ ዝርያዎች ከግማሽ የሚበልጡት የዚህ ክፍል ናቸው። ከነዚህም መካከል መንቁራቸው አጭርና ወፍራም የሆነ፥ የሣርና የእኽል ዘር እየፈለፈሉ የሚበሉ ትናንሽ ወፎች አሉ።

በአዲስ አበባ የምትኖሩ አንባቢዎች ከነዚህ አንዷን ሳታዩ የምትውሉበት ቀን ጥቂት ነው። በየግቢው አጥርና በየአትክልቱ ቦታ ዘር ስትለቅም የምትታይ፥ መልኳ ቡናማ የሆነ፥ ከዓይኗ በላይ ነጭ መሥመር የተሰመረባት ትንሽ ወፍ አለች። ብዙው ሰው «ወፍ» ብሎ ብቻ ያልፋታል። በሊቃውንት መዝገብ ግን ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ትባላለች። «ክሪታግራ» የሚለው የወገኗ ስም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «ገብስ አዳኝ» ማለት ነው። በገብስ አገር ለምትኖር ወፍ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝላትም። ነገር ግን ይህ ስም ለብዙ ዘመን ተረስቶ ስለ ነበረ ወፊቱ በሌላ ወገን ስም ስትጠራ ኖራለች፤ ያም ወገን የካናሪ ወፍ ወገን ነው።

ካናሪ የምትባለውን ወፍ በቀፎ ውስጥ ስትዘምር ያያት ወይም ወሬዋን የሰማ ሰው ብዙ ነው። ትውልዷ ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ በሚገኙት በካናሪ፥ በማዴራና በአሶሬስ ደሴቶች ነው። የደሴቶቹ ስም «ውሻ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ መሆኑን የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ስለዚህ በድምፅዋ የተመሰገነችው ወፍ ስሟን ያገኘችው በውሻ ምክንያት ነው ማለት ነው። እስፓኞች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደሴቶቹን ከያዙ በኋላ ወፊቱ ወደ አውሮጳ ተወሰደች። በ1555 የስዊስ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ስለ አዕዋፍ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ጠቀሳት። ዱር ውስጥ ያለችው ካናሪ ግን ሰው እንደሚያስባት ፍጹም ቢጫ አይደለችም። አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለባት፥ ጀርባዋ የተዥጎረጎረ ወፍ ናት። ያንን የጠራ ቢጫ መልክ ያወጣው ሰው እየመረጠ በማራባቱ ነው።

ይህች ወፍ ለዝማሬ ብቻ ሳይሆን ለከባድ አገልግሎትም ተመድባ ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት ጆን ስኮት ሆልዴን የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ውስጥ ሠራተኞችን የሚገድለውን መርዛም አየር ሲመረምር፥ ትንሽ እንስሳ ከሰው ቀድሞ ስለሚታወክ ሠራተኞቹ ይዘውት ይግቡ ብሎ መከረ። ካናሪ ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ መርዙ ፈጥኖ ይነካታል፤ እርሷ ስትዝል ሠራተኞቹ ሕይወታቸውን ለማዳን ይወጡ ነበር። እንግሊዞች ይህን ልማድ የተዉት በ1986፥ በእርሷ ፋንታ መሣሪያ በተተካ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ መዝገቡ እንመለስ። የፍጥረትን ስም በሁለት ቃል የመጻፍን ሥርዐት ያጸናው የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው። ሊኔዎስ በ1758 ባወጣው መጽሐፉ ካናሪን ፍሪንጊላ ካናሪያ ብሎ መዘገባት። በ1766 ደግሞ አንዲት ቢጫ መልክ ያላት፥ መንቁሯ ወፍራም የሆነ የአፍሪካ ወፍ ሎክሲያ ሱልፉራታ የሚል ስም አገኘች። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወፎች ቢጫነት አላቸው፤ ሁለቱም ዘር ይበላሉ፤ ነገር ግን ሊኔዎስ የመንቁራቸውን ውፍረት አይቶ በሁለት ልዩ ልዩ መደርደሪያ ላይ አኖራቸው። በዚያ ዘመን የወፍ ዘመድ የሚታወቀው በመንቁር፥ በእግርና በላባ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የሊኔዎስ መደርደሪያዎች እጅግ ሰፊ ሆነው ስላገኟቸው ከፋፈሏቸው። ካርል ሉድቪግ ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ በ1816 ካናሪንና የአውሮጳ ዘመዷን የሚመስሉትን ለይቶ «ሰሪኑስ» የሚል የወገን ስም አወጣ። ዊልያም ስዌንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1827 ያችን ወፍራም መንቁር ያላትን የአፍሪካ ወፍ መሠረት አድርጎ «ክሪታግራ» የሚለውን ስም ሰጠ። ሁለት ወገኖች በሁለት ስም ተመዘገቡ ማለት ነው።

የአገራችን ወፎች ወደዚህ መዝገብ የገቡትም በዚያው ዘመን ነው። የፍራንክፈርት ከተማ ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና እስከ ጎንደር ድረስ ተጕዞ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1840 በወጣው ክፍል፥ ከእነዚህ ትናንሽ ዘር ለቃሚዎች ለብዙዎቹ ስም አውጥቶላቸዋል። ከላይ ያነሳናት የአዲስ አበባዋ ቡናማ ወፍ ከነዚያ አንዷ ናት። ሌላይቱ በኢትዮጵያ ደጋ የምትኖረው፥ ወንዱ ራሱ ጥቁር ሰውነቱ ቢጫ የሆነ፥ ሰሪኑስ ኒግሪሴፕስ የምትባለው ወፍ ናት። ከሩፔል በኋላ ደግሞ በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋራ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ መጥቶ ነበር። ያ ዘመቻ በዐፄ ቴዎድሮስ ሞት እንደ ተፈጸመ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ጦሩ የሄደው ለጦርነት ነበር፤ ብላንፎርድ ግን ድንጋይና አዕዋፍ ሲመረምር ሰንብቶ፥ አናቷ ቢጫ የሆነች አንዲት ወፍ አግኝቶ በ1869 ክሪታግራ ፍላቪቨርቴክስ ብሎ ሰየማት። ይህችን ስም በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሊቃውንቱ ሐሳብ ተለወጠ። የቀድሞዎቹ ብዙ መደርደሪያ ሠርተዋል፤ ልዩነቱም የመንቁር ውፍረት ብቻ ነው ተብሎ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ተጠቃለሉ። «ክሪታግራ» የሚለው ስም ተትቶ ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች ሁሉ «ሰሪኑስ» በሚለው ስም ተጻፉ። በ1968 በአሜሪካ የታተመው የዓለም አዕዋፍ ዝርዝር 14ኛ መጽሐፍም ይህንኑ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት የወፍ መጻሕፍት አብዛኞቹ በዚሁ ጸኑ። በላባና በመንቁር ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይህ ፍርድ ትክክል ይመስላል።

ነገር ግን በዚህ መሐል በአንኮበር አካባቢ የተፈጸመውን ነገር ሳንናገር ወደ ፊት መሄድ አይገባንም። በ1876 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር በማርኬዝ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መልእክተኞች ላከ። አንቲኖሪ ዕድሜው ከ60 ዓመት ያለፈ፥ አዕዋፍን በመመርመር የታወቀ ሰው ነበር። ምኒልክ፥ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፥ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪም በ1882 በዚያው ሞቶ በዚያው ተቀበረ። በእርሱ እግር የተተካው ሐኪሙ ቪንቸንሶ ራጋትሲ ከ1884 እስከ 1886 በሸዋ ብዙ ወፎች ሰብስቦ ቆዳቸውን ወደ ኢጣልያ ላከ። የቱሪን ቤተ መዘክር ሊቅ ቶማዞ ሳልቫዶሪ ቆዳዎቹን ሲመረምር፥ ከቆላው በኩል ከተሰበሰቡት መካከል ጉሮሯቸው ቢጫ የሆነ ሦስት ትናንሽ ወፎች አገኘ። ማናቸውንም የታወቀ ዝርያ ስላልመሰሉት በ1888 ሰሪኑስ ፍላቪጉላ፥ ማለት «ቢጫ ጉሮሮ»፥ የሚል ስም ሰጣቸው።

ከሦስቱ ቆዳዎች በቀር ይህችን ወፍ ያየ ሰው ለብዙ ዘመን አልተገኘም። ዓመት በዓመት ላይ ተተካ፤ ክፍለ ዘመኑም ተለወጠ። በመጨረሻ ሊቃውንት ጥርጣሬ ገባቸው። ሦስት ቆዳ ብቻ ያላት፥ በሕይወት ያልታየች ወፍ እውነተኛ ዝርያ ልትሆን ትችላለች? ምናልባት በዚያው አካባቢ ከሚኖሩት ከሁለት ሌሎች ዝርያዎች የተወለደች ድቃላ ትሆናለች እንጂ የራሷ ወገን የላትም ተባለ። ይህ ሐሳብ ተቀባይነት አገኘና ወፊቱ በብዙዎቹ ዘንድ እንደ ሌለች ተቆጠረች።

አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ፍርድ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አስቡት። ድቃላ የተባለ ፍጥረት በዝርያ መዝገብ ቦታ የለውም። ቦታ የሌለውን ቍጥሩን የሚጠይቅ የለም፤ መኖሪያው ሲታረስ የሚቆረቆርለት የለም፤ ቢጠፋም ጠፋ የሚል ሰው አይገኝም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረምና። ዶሴው ተዘግቷል ማለት ነው። ዶሴውን የዘጉት ሰዎች ክፉ ልብ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ካለው ማስረጃ በመነሣት በአግባቡ ፈርደዋል። የጎደለው ነገር ማስረጃው ራሱ ነበር፤ ማስረጃውም በአውሮጳ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ከአንኮበር በታች ባለው ደረቅ ቁልቁለት ላይ ነበር።

ያን ቁልቁለት በኋላ ወርዶ ያየው ሰው ጆን አሽ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በ1969 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1977 ድረስ በአገሪቱ እየተዘዋወረ ወፎችን ሲመረምር ኖረ። ይህ ሰው በ1976 በአንኮበር አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ አፋፍ ላይ፥ በመንጋ ሆነው መሬት ላይ ዘር የሚለቅሙ ትናንሽ ቡናማ ወፎች አየ። ሰውነታቸው በሙሉ የተዥጎረጎረ ሆኖ በላባቸው ላይ እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ቢጫ ቀለም አልነበረም። መርምሮም አዲስ ዝርያ መሆኗን ስላረጋገጠ በ1979 «ኢቢስ» በተባለው የአዕዋፍ ሊቃውንት መጽሔት ሰሪኑስ አንኮበሬንሲስ፥ ማለት «የአንኮበር»፥ ብሎ አስተዋወቃት።

እንግዲህ ቍጥሩን ቍጠሩት። አንቲኖሪ ወደ ሸዋ የመጣው በ1876 ነው፤ አሽ ወፊቱን ያገኘው በ1976 ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ስንት ነጋዴ፥ ስንት መልእክተኛ፥ ስንት ሊቅ በዚያ መንገድ አለፈ! ወፊቱ አልተደበቀችም፤ በአፋፉ ላይ በግልጽ ስትኖር ነበር። የአንኮበር እረኛም ከሊቃውንቱ ሁሉ አስቀድሞ ሳያያት አይቀርም፤ ነገር ግን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

አሽ በዚህ ብቻ አላቆመም። በ1989 ተመልሶ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ከአንኮበር በታች ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ጉሮሯቸው ቢጫ የሆኑትን ወፎች በሕይወት አገኛቸው። አንዲት ወይም ሁለት አልነበሩም፤ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው በዚያው የሚኖሩ ወፎች ነበሩ። ድቃላ አልፎ አልፎ ይወለዳል እንጂ እንደዚህ በአንድ መልክ ጸንቶ በአንድ አገር አይኖርም። ሳልቫዶሪ እውነቱን ነበር። ራጋትሲ ቆዳዎቹን ከሰበሰበ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተዘጋው ዶሴ ተከፈተ፤ ቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

አሁን የቀረው የመደርደሪያው ጉዳይ ነው። ሁለቱ የአንኮበር ወፎችና የአዲስ አበባዋ ቡናማ ወፍ በእውነት የካናሪ ወገን ናቸውን? ይህን ጥያቄ መንቁርና ላባ ሊፈቱት አልቻሉም፤ የፈታው በደምና በሥጋ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ ነው።

ይህን ጽሑፍ ዲ ኤን ኤ ይሉታል። በአራት ፊደላት ብቻ እንደ ተጻፈ እጅግ ረጅም መጽሐፍ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይገለበጣል። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ጸሐፊው ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል፤ ከእርሱ ብራና የገለበጡትም ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይደግሙታል። ስለዚህ ሁለት ብራናዎች ብዙ የጋራ ስሕተት ከተገኘባቸው ከአንድ እናት ብራና የወጡ መሆናቸው ይታወቃል። ሊቃውንት የወፎቹን ዘር ጽሑፍ እንደዚሁ ፊደል በፊደል እያስተያዩ የትኛዋ ከየትኛዋ እንደ ተወለደች ለማወቅ ቻሉ። በ1999 የማድሪድ ሊቃውንት በካናሪ ወገን ላይ የዚህን ዓይነት ጥናት አሳተሙ። በ2012 ደግሞ ዳሪዮ ዙኮንና ጓደኞቹ መላውን ቤተ ሰብ የሚመለከት ሰፊ ጥናት አወጡ።

የተገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። እውነተኛዎቹ ካናሪዎች የቅርብ ዘመዶቻቸው የአፍሪካዎቹ ገብስ አዳኞች አይደሉም። ይልቁንም ፊቱ ቀይ ለሆነው ለአውሮጳው ካርዱዌሊስ፥ እንዲያውም መንቁሩ እንደ መቀስ ለተጠላለፈው ለሎክሲያ፥ ከገብስ አዳኞቹ ይልቅ ይቀርባሉ። የመልካቸው መመሳሰል ከዝምድና ብቻ የመጣ አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች ዘር በመፈልፈል ሥራ ላይ ስለ ተሰማሩ ለሥራው የሚስማማ ተመሳሳይ መንቁር ይዘዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ስለ ለበሱ ብቻ ወንድማማች ናቸው አይባልም፤ አንድ ዓይነት ሥራ አላቸው ይባላል እንጂ።

ስለዚህ መደርደሪያው እንደገና ተለየ። በሰሪኑስ ወገን ውስጥ 8 ዝርያዎች ብቻ ቀሩ። እነርሱም ካናሪና የአውሮጳ ዘመዷ፥ ሁለት የእስያ ዝርያዎች፥ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ዝርያዎች፥ የቀሩትም ሁለቱ በአገራችን የሚገኙት ጥቁር ራሷ ሰሪኑስ ኒግሪሴፕስና የብላንፎርድ ወፍ ናቸው። ከሱማትራና ከጃቫ ተራሮች የምትገኘው ዝርያ ለብቻዋ ወገን ተሰጣት። ሌሎቹ የአፍሪካ ወፎች፥ ከ35 የሚበልጡት፥ ስዌንሰን በ1827 ባወጣው በ«ክሪታግራ» ስም ተጠሩ። የአንኮበር ወፍና ቢጫ ጉሮሮዋ፥ የአዲስ አበባዋም ቡናማ ወፍ በዚሁ ወገን ናቸው።

የብላንፎርድን ወፍ ነገር አልረሳችሁትም ይሆናል። እርሱ በ1869 ክሪታግራ ብሎ ሰይሟት ነበር። ዛሬ ክሪታግራ የሚለው ስም ከሞት ሲነሣ እርሷ ወደዚያ ሳትመለስ በሰሪኑስ ወገን ቀረች። ሌሎቹ ወደ ክሪታግራ ሲገቡ እርሷ በሌላው ቤት ቀረች ማለት ነው። በቤቱ ቀፎ ውስጥ ካናሪ የሚያሳድግ የአዲስ አበባ ሰው ቢኖር፥ የቀፎይቱ ወፍ የቅርብ ዘመዶች በአጥሩ ላይ ዘር የምትለቅመው ቡናማዋ ወፍ ሳትሆን በደጋው ላይ የሚኖሩት ጥቁር ራሷና ቢጫ አናቷ መሆናቸውን ይወቅ።

«ስምን እንዲህ መለዋወጥ ሰውን ማደናገር አይደለምን?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለውጡ በሥርዐት ነው እንጂ በዘፈቀደ አይደለም። ወገን በሚለወጥበት ጊዜ የወፊቱ የራሷ መለያ ስም አይለወጥም፤ «አንኮበሬንሲስ» የሚለው ዛሬም አንኮበሬንሲስ ነው። አዲስ የወገን ስም በሚያስፈልግበትም ጊዜ አስቀድሞ የወጣ ስም ካለ ያው ስም ይወሰዳል እንጂ አዲስ አይፈጠርም፤ «ክሪታግራ» ከተረሳበት የተነሣው ስለዚህ ነው። ሌላም ለግእዝና ላማርኛ ተናጋሪ የሚጥም ነገር አለ። በላቲን ሰሪኑስ በወንድ ጾታ፥ ክሪታግራ በሴት ጾታ ስለሚነገሩ፥ ቅጽሉ ከስሙ ጋራ መስማማት አለበት፤ ስለዚህ «ሰሪኑስ ትሪስትሪያቱስ» ይባል የነበረው «ክሪታግራ ትሪስትሪያታ» ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ ከማን፥ በስንት ዓመት እንደ ተደረገ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የኋለኛው ሰው የፊተኛውን መንገድ ተከትሎ ሊመረምር ይችላል። መልካም መዝገብ ማለት የማይለወጥ መዝገብ ሳይሆን ለውጡ ሁሉ በማስረጃ የሚታይበት መዝገብ ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ የዚህ ታሪክ ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሁለቱ የአንኮበር ወፎች ዛሬም መኖሪያቸው ጠባብ መሆኑ ነው። የአንኮበር ወፍ ከዚያ በኋላ በሰሜን ተራሮችም ታይታለች፤ የሆነ ሆኖ የምትኖረው በከፍተኛ አፋፍ ላይ ብቻ ነው፤ ያ አፋፍ ደግሞ ይታረሳል፥ ይጋጣል፥ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ቢጫ ጉሮሮዋ ከሁሉም ይልቅ ለመጥፋት ከሚያሰጉት መካከል ተመዝግባለች። ገበሬው እርሻና ማገዶ ያስፈልገዋል፤ ይህንን ማንም አይክደውም። ነገር ግን የት እንደሚታረስና የት እንደሚተከል የሚያጠና፥ ካርታ የሚነድፍና ፈቃድ የሚጽፍ የመንግሥት ሠራተኛ፥ በዚያ አፋፍ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጥረት እንዳለ ቢያውቅ ሥራውን በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። ይህም የሚሆነው ወፊቱ በመዝገብ ላይ ስላለች ነው። ቢጫ ጉሮሮዋ ድቃላ ተብላ ብትቀር ኖሮ ይህን ቃል ለመናገር እንኳ ምክንያት ባልነበረን።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ እውቀት ነው። የወፎቻችንን ስም ያወጡት የፍራንክፈርት፥ የለንደንና የቱሪን ሰዎች ናቸው፤ ስለ ትጋታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ ዶሴው ሲዘጋ፥ ወደ ቁልቁለቱ ወርዶ «ወፊቱ ይችውልህ» ለማለት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የአገሩ ሰው ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ፤ በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ። ልጆቻችሁ ወፍን በወንጭፍ ከማሳደድ ይልቅ ስሟን፥ ምግቧንና ጎጆዋን እንዲጠይቁ ብታስተምሯቸው፥ የሚቀጥለውን ያልታወቀ ፍጥረት የሚያገኘው ምናልባት ከእነርሱ አንዱ ይሆናል።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። የእነዚህ ትናንሽ ወፎች ታሪክ የሚያስረዳን ተግሣጽ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልብ ከመፍረዱ በፊት ዓይን ሄዶ ይይ፤ ያየውንም ይጻፍ፤ የተጻፈውም ዘወትር ለመመርመር የተከፈተ ይሁን። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ በአጥሩ ላይ ያችን ቡናማ ወፍ፥ ነጭ ቅንድቧን አሳይታ ስትለቅም ብታገኟት፥ ስሟን ታውቃላችሁና ቆም ብላችሁ ተመልከቷት።